መሬቱ በዓለም ዋጋ፣ ደሞዙ በሰፈር ዋጋ

(የአርክቴክቸርና የከተማ ፕላን ተመራቂዎች በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣ ልጆቻችሁን ለማየት ከየሰፈራችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ መድረክ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ ሉላዊነት በከተማ ዕድገትና በኑሮ ልዩነት ላይ ስላለው ተጽዕኖ የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነውና ስለ ዱባይም ስለ ሻንጋይም ልናገር እችል ነበር። ይሁን እንጂ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ሜትር ይዤ የዞርኩትም እዚሁ ነው። የማውቀውን ትቼ የማላውቀውን ባወራ መምህሮቻችሁ ይታዘቡኛል።

ዛሬ ማታ የምለው ነገር አንድ ነው፤ እሱኑ ደጋግሜ እለዋለሁና ታገሡኝ። ዓለም ወደ ከተማችን ሲገባ ሁሉንም ነገር በአንድ ሚዛን አልመዘነም። መሬቱን በዓለም ሚዛን መዘነው፤ መሬቱ ላይ የሚኖረውን ሰው ላብ ግን በሰፈር ሚዛን ተወው። መሬቱ በዓለም ዋጋ፣ ደሞዙ በሰፈር ዋጋ! ይህንን በሦስት ነጥብ ላስረዳ እሞክራለሁ፤ በመጀመሪያ ዓለም ወደዚህች ከተማ መቼና እንዴት እንደገባ፣ ቀጥሎ መሬት እንዴት ዋጋ እንዳወጣ፣ በመጨረሻም ስለ ሥራና ስለ ገንዘብ እናገራለሁ። ሁለተኛው ነጥብ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ምክንያቱን ስደርስበት ታዩታላችሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ብዙዎቻችን ሉላዊነት ሲባል ትናንት ከኢንተርኔትና ከመስታወት ፎቆች ጋር የመጣ ነገር ይመስለናል። እስቲ የሰፈሮቻችንን ስም እንጥራ። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ካዛንቺስ ጥንታዊ ስም ይመስለኝ ነበር። ለካ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ የነበረ የጣሊያን ተቋም የምኅጻረ ቃል ስም ኖሯል፤ «ካዜ ኢንቺስ» የተባሉት ቤቶች በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኑ። ፖፖላሬ ለዝቅተኛ ሠራተኞች የተሠሩ የጣሊያን ቤቶች መጠሪያ ነበር። ለገሃር በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ የጅቡቲው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የተተከለ ስም ነው። ፒያሳና መርካቶንማ ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን ከነጭራሹ አማርኛ አድርገናቸዋል፤ ያመጣቸውን ሥርዓት ግን አንርሳ። ጣሊያኖቹ ገበያውን ከአራዳ አንስተው ወደ ምዕራብ የወሰዱት ከተማዋን ለነጭና ለአገሬው ሰው ለይተው ለመከፋፈል ነው። መርካቶ የተወለደው የአገሬው ሰው ገበያ ተብሎ ከመለየት ነው።

በዚያው በወረራው ዘመን ሁላችሁም በትምህርታችሁ የምታውቁት ስዊስ ፈረንሳዊው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ለአዲስ አበባ ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ ልኮ ነበር። ከተማዋን አይቷት አያውቅም። በንድፉ ላይ የነበሩት ሰፈሮች፣ ግቢዎችና መንገዶች የሉም፤ ባዶ መሬት ላይ የተሰመሩ ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ ናቸው። ይህችን ባዶ ወረቀት ያዙልኝ፤ ተመልሼ እመጣባታለሁ።

ከዚያም በፊት ባሕር ዛፍ አለ። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ፤ አፄ ምኒልክም መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚህ ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ዓለም ለአዲስ አበባ ከዚህ የበለጠ ውለታ የዋለላት አይመስለኝም። ታዲያ ዛፉን በየርስቱ ተክሎ የሸጠው ማን ነበር? ከእንጦጦ ቁልቁል ሽክሙን በጀርባዋ ተሸክማ፣ ወገቧ ጎብጦ፣ ገበያ ያደረሰችውስ ማን ነበረች? የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ይህንን መንገድ ወርደዋል። በረከቱ ለሁሉም ደረሰ፤ ሸክሙ ግን ለሁሉም አልተከፋፈለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ መሬት እንለፍ።

ከሌላ ከተማ የመጡ ባለሙያዎች አዲስ አበባን ሲያዩ የሚገርማቸው አንድ ነገር ነበር። ሀብታሙና ድሃው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከቪላው ግንብ ሥር የጭቃ ቤት አለ፤ ከሚኒስትሩ ደጅ ፊት ለፊት ጉሊት አለ። ይህ የሆነው ከመነሻው ሰፈሮቹ የተመሠረቱት በመኳንንቱ ግቢዎች ዙሪያ ስለሆነ ነው፤ ጌታውና ሎሌው፣ አስተዳዳሪውና እንጀራ ጋጋሪዋ አንድ አጥር ይጋሩ ነበር። በኋላም በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 መጣ። ትርፍ ቤቶች የቀበሌ ቤቶች ሆኑ፣ ኪራያቸውም በወር ጥቂት ብር ሆኖ ቆመ። ስለ አዋጁ የተለያየ አስተያየት ሊኖራችሁ ይችላል፤ ቤቱን የተወረሰበት ሰው በዚህ አዳራሽ እንደሚኖርም አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን እውነት ነው፤ ድሃው በከተማዋ እምብርት ላይ የመኖር ዕድል አገኘ። ቤቱ ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ ለሃያ አባወራ አንድ ነው፣ ግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። የዚያን ዘመን ኑሮ ላስውብላችሁ አልፈልግም፤ ክረምት ሲመጣ እናቴ በየጥጉ የምትደቅናቸውን ጣሳዎች ቆጥሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሆኖም ያ ቤት የነበረበት ቦታ ትልቅ ሀብት ነበር።

የእኛ ሰፈር ከተባበሩት መንግሥታቱ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ፎር አፍሪካ ቅጥር ብዙም አይርቅም ነበር። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፣ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ፤ ከዚያ ወዲህ ከአህጉሩ ሁሉ የመጣ ሰው ሰፈራችንን ይረግጥ ነበር። የሰፈራችን እናቶች ለዚያ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ ሾፌሮችና ጥበቃዎች እንጀራ ይሸጣሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ቁርስ ያቀርባሉ። እውነተኛ ሉላዊነት ማለት እኮ ይህ ነበር! የዓለም መሥሪያ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ላይ፣ እንጀራ ጋጋሪዋም አምስት ደቂቃ ላይ።

ከዚያ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ። መሬት የመንግሥት እንደሆነ ቀጠለ፣ የመጠቀም መብቱ ግን በጨረታ የሚሸጥ ሆነ። በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ሊዝን የከተማውን ቦታ ሁሉ የሚመለከት ሥርዓት አደረገው። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የውጭ ባለሀብቱ፣ ሆቴሉ፣ ባንኩ፣ ከባሕር ማዶ ገንዘብ የያዘው ወገናችን ሁሉ በአንድ ገበያ ላይ ተገናኘ። በ2007 ዓ.ም. አካባቢ መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300,000 ብር በላይ የቀረበበት ጨረታ ታይቷል። አንድ ካሬ ሜትር ማለት ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ቆሞ የሚያወራበት ስፋት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ጀማሪ መምህር ደሞዙን ሳይነካ ለዓመታት ቢያጠራቅም እንኳ ያንን የቆመበትን ቦታ አይገዛውም ነበር። መሬቱ በዓለም ዋጋ፣ ደሞዙ በሰፈር ዋጋ ያልኳችሁ ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለመናገር የማይቀለኝ ነገር ነው።

በ2000ዎቹ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በቀያሽነት ስሠራ፣ ለመልሶ ማልማት ከሚነሱት ሰፈሮች አንዱ የተወለድኩበት ሆነ። ለልኬት የተላክሁትም እኔ ነበርኩ። ጎረቤታችን እማማ፣ እናቴ ገበያ ስትሄድ ያጠቡኝ ሴት ናቸው፤ ቤታቸውን ለካሁት። 18 ካሬ ሜትር። በእጄ በያዝኩት ቅጽ ላይ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ጣሪያው ከምን እንደተሠራ፣ ወለሉ ምን እንደሆነ የሚሞላበት ዓምድ አለ። እማማ አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ ምጣዶቹንስ ጽፈሃል?» አሉኝ። ሁለት ምጣድ ነበራቸው፤ በቀን ከመቶ በላይ እንጀራ ይጋግሩ ነበር። ለአለቃዬ ነገርኩት። «ቅጹ ላይ ከሌለ አይጻፍም» አለኝ። አልጻፍኩትም።

በዚያው ሰሞን ለቦታው የታሰበው ሕንፃ ሥዕል በቢሯችን ተሰቀለ። ባሕር ማዶ በኮምፒውተር የተሠራ ነበር። በሥዕሉ ላይ ሣር የለበሰ ሜዳ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ውሻውን በገመድ ይዞ የሚሄድ ፈረንጅ አለ። እናንተ ተመራቂዎች እነዚያን ሰዎች ከየት ገልብጣችሁ እንደምትለጥፏቸው አውቃለሁ፤ አትሣቁ! ከሕንፃው በስተጀርባ የነበረው ሰፈራችን፣ እድራችን፣ የጽዋ ማኅበራችን፣ ያ ሁሉ ነጭ ወረቀት ነበር። የለ ኮርቡዚየን ባዶ ወረቀት ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ለጣሊያን ወራሪ የነደፈው ሰው ሰፈራችንን ባያየው አይገርምም። እኛስ? እዚያው ተወልደን፣ እዚያው ተጠምቀን፣ ሜትር ይዘን ገብተን እንዴት አላየነውም?

እማማ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ። በፍትሐዊነት ልናገርና፣ ቤቱ ጥሩ ቤት ነበር። የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ ማድ ቤት፣ የማያፈስ ጣሪያ። በ1990ዎቹ ማብቂያ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ሰጥቷል፤ ይህንን የሚክድ ሰው ጣሳ ደቅኖ አያውቅም። ቅድሚያ ክፍያውን እድርተኛው ተረባርቦ ሞላላቸው። ነገር ግን እንጀራውን ለማን ይሽጡ? ደንበኞቻቸው ካዛንቺስ ናቸው። በሁለት ታክሲ፣ በሰው ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚደርስ እንጀራ ዋጋው ምን ሊሆን ነው? ጭሱስ በአራተኛ ፎቅ ወዴት ይውጣ? ስድስት ወር ያህል ሞከሩት። በመጨረሻም ቤቱን ለአንድ የባንክ ሠራተኛ አከራዩትና እሳቸው ጨርቆስ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው ተመለሱ። ከኪራዩ የባንክ ዕዳው ይከፈላል፣ ከተረፈው የጨርቆሷ ክፍል ትከፈላለች። በወረቀት ላይ ባለቤት ናቸው፤ የሚያድሩት ግን በጭቃ ቤት ነው።

ቤታቸው የነበረበት ቦታስ? ለዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ ሣር በቀለበት። ከብዙ ጊዜ በኋላ መስታወት የለበሰ ፎቅ ተሠራበት። ከሥሩ ማኪያቶ ቤት አለ፣ ምሳም ያቀርባል፤ እንጀራውን በመኪና የሚያመጣለት አቅራቢ አለው። አስተውሉልኝ፤ የዚያ ሰፈር ሰው እንጀራ መብላቱን አላቆመም። ጋጋሪዋ ብቻ ከዚያ ወጥታለች።

ካዛንቺስ ላይ ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ጀመረ፣ በ2017 መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ደረሰ፤ ከነዋሪው ብዙው በከተማዋ ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሄደ። ሰፊውን የእግረኛ መንገድ፣ መብራቱን፣ የብስክሌቱን መሥመር አያለሁ፤ እንደ ባለሙያ የምመኘው ነገር ነበር፤ ለአካል ጉዳተኛውም ለእናቲቱም ይጠቅማል። ጥያቄዬ ግን ያው የቆየው ጥያቄ ነው፤ በዚያ ባማረ መንገድ ላይ ጠዋት በእግሩ ወደ ሥራው የሚሄደው ማን ነው?

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ሥራና ስለ ገንዘብ ነው።

የቀላል ባቡራችንን ታሪክ ውሰዱ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ታሪፉ ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለድሃው ተሳፋሪ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ እማማም ለበዓል ዘመድ ሲጠይቁ በእሱ ይሄዱ ነበር። ግን ሒሳቡን ልብ በሉ፤ ዕዳው በዶላር፣ መለዋወጫው በዶላር፣ ገቢው በብር፣ ያውም በሳንቲም በሚቆጠር ብር። ዶላር ሲጠፋ መለዋወጫ ጠፋ፣ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ ተራ በተራ ቆሙ። ባቡሩን ማንም ክፉ ሰው አላቆመውም፤ ሁለቱ ሚዛኖች ናቸው ያቆሙት።

ሰውም እንደ ባቡሩ በሁለት ሚዛን መካከል ይቆማል። ታናሽ እህቴ ቤይሩት ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። የምትልከውን ገንዘብ የማስቀምጥላት እኔ ነበርኩ። አንዲት ሁለት መኝታ ያላት ቤት የመግዛት ሐሳብ ነበራት፣ ዋጋውንም አጥንተን ነበር የሄደችው። እኔ፣ የመሬት ዋጋ እንዴት እንደሚንር በሙያዬ የማውቀው ሰው፣ የእህቴን ላብ በብር ባንክ አስቀምጬ ጠበቅኋት! በ2010 ብር በአንድ ቀን 15 በመቶ ዋጋውን እንዲያጣ ሲደረግ እንኳ አልነቃሁም። ስትመለስ ገንዘቡ ያሰበችውን ቤት ግማሽ አይገዛም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ያን ቀን እህቴ ስልክ ደውላ ምንም ሳትል ዝም ብላ ቆየች። የቤቱ ዋጋ ዶላሩን ተከትሎ ሄዷል። የብሩ ቁጠባ ግን እንደተቀመጠ ነው።

ይህ የእህቴ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠርዘው ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ሲሄዱ የተዉትን የቤት ኪራይ ሲመለሱ አላገኙትም። የሚላከው ገንዘብ ቤተሰብን ይመግባል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ከከተማው ዳር ፎቅ ይሠራል። በዚያው ልክ ደግሞ ዘመድ ባሕር ማዶ ያለውን ሰውና የሌለውን ሰው በአንድ ገበያ ላይ ያፋጥጣል። በአንድ ደረጃ ላይ የሚኖሩ ሁለት አባወራዎች፣ አንዱ ከዋሽንግተን ወንድሙ ይልክለታል፣ ሌላው በቀን ሥራ ይኖራል፤ ደላላው ለሁለቱም የሚጠራው ኪራይ ግን አንድ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ዜጎች ቤት እንዲገዙ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። ገንዘብ ይመጣበታል፣ ግንባታም ያነቃቃል። እኔ የምጠይቀው በዚያው ገበያ ላይ በብር የሚወዳደረው ሰው ምን ይዞ ይቅረብ የሚለውን ነው።

ፋብሪካው ይታደገዋል የሚል ተስፋ ነበረን። ቦሌ ለሚ፣ ሐዋሳና ሌሎቹ ፓርኮች ለብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ሥራ ሰጥተዋል። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል ያወጣው ጥናት የልብስ ፋብሪካዎቹን የመነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ብሎ መዝግቦታል። ሸሚዙ አሜሪካ ውስጥ በአሜሪካ ዋጋ ይሸጣል፣ የሰፋችው ልጅ ደግሞ አንዲት ክፍል ለአራት ትከራያለች። ከዚያም በ2014 አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ስትወጣ፣ በዋሽንግተን በተወሰነ ውሳኔ እዚህ ያለችው ልጅ ያንኑ 26 ዶላር አጣች።

ቆሼን፣ የከተማችንን የቆሻሻ ክምር፣ ሳልጠቅስ ብወርድ ሕሊናዬ አይለቀኝም። ከየዓለሙ የምናስመጣው ዕቃ ማሸጊያው መጨረሻ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሃይላንዱን፣ ብረቱን፣ ካርቶኑን ለቅመው ለቁራሌው የሚሸጡ ሰዎች ቤታቸውን እዚያው ሥር ሠርተው ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ለምን እዚያ ኖሩ ብለን የጠየቅን ብዙ ነን። መልሱ የእማማ መልስ ነው፤ ከሥራቸው አጠገብ ነበር የኖሩት።

ውድ ተመራቂዎች፣ ነገ ሥዕል የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ዓለም እንዳይገባ በሩን ዝጉ አልላችሁም፤ ያ ቢሆን ባሕር ዛፉም ባቡሩም ባልመጡ ነበር። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ አንድ ሰፈር እንድታጠኑ ስትላኩ ከጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ዳር ቁሙና የሚያልፈውን ሰው ምን ተሸክመህ ነው፣ ለማን ነው የምታደርሰው ብላችሁ ጠይቁት። በቢሮ ሰዓት ከሄዳችሁ ያ ሰው አልፏል። ሁለተኛው ያ ቅጽ ነው። እኔ ለሠላሳ ዓመት የሞላሁት ቅጽ አሁንም ግድግዳ፣ ጣሪያና ወለል ይጠይቃል። በእሱ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል፣ የሚገዛውስ ሰው በእግር ስንት ደቂቃ ይርቃል የሚል። ተነሺው ሲዛወር ከ18 ካሬ ሜትሩ ጋር ያ ደቂቃም ይተካለት፤ ምትክ ቦታ ከተባለ ይህም ምትክ ያሻዋል። አለቃችሁ ቅጹ ላይ የለም ካላችሁ፣ እኔ ያላደረግሁትን አድርጉ፤ በእስክሪብቶ ጨምራችሁ ጻፉት።

እማማ ዛሬም ጨርቆስ ናቸው። ዛሬ ማታ ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው «ስለ ምጣዶቹ ንገራቸው» አሉኝ፤ ነግሬያችኋለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።